በሳምንት ስንት ታስገባለህ?

አሜሪካ ያሉ ሐበሾች ስለ ትራክ ሥራ ማውራት ከጀመሩ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቁጥር ይነሳል። "እገሌ እኮ በሳምንት 5 ሺህ ያስገባል።" "ኧረ እነ እገሌማ 8 ሺህ አልፈዋል!" ቁጥሩ ከዳላስ ወይም ከዴንቨር ይነሳና በቴሌግራም አዲስ አበባ ይገባል። እዚህ ደግሞ በ4 ይባዛል፣ ወደ ብር ይቀየራል፣ ከዚያ ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ ለቤት ኪራይ ይመደባል። ሾፌሩ ገና ከመኪናው ሳይወርድ ገንዘቡ አልቋል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ "ከምን ከምን በኋላ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም።

ጥያቄው የሂሳብ ብቻ ይመስላል። እኔም የገባሁበት በሂሳቡ በኩል ነው። ውስጡ ሲገባ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሰው አንድም ውሸት ሳይናገር፣ እውነተኛ ቁጥር ብቻ እየጠራ፣ ሌላውን ሊያሳስት ይችላል? ከቻለስ "እኔ ምን አደረግኩ፣ ያየሁትን ነው የነገርኩት" ማለት ነጻ ያወጣዋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮኝ ምህንድስና የተማረ ጓደኛ አለኝ። እኔ ተመርቄ ኮድ ወደ መጻፉ ገባሁ፤ እሱ ዲቪ ደርሶት ሄደ። አሁን ቴክሳስ ሆኖ የድርጅት ትራክ ይነዳል። መኪናውም ነዳጁም የድርጅቱ ነው፤ እሱ በነዳው ማይል ልክ ይከፈለዋል። በቅርቡ "ለምን ሊዝ አትገባም?" አሉት። ሊዝ ማለት መኪናውን በየሳምንቱ እየከፈለ ይይዛል፣ ነዳጁንም ጥገናውንም ኢንሹራንሱንም ራሱ ይሸፍናል፣ የማይል ክፍያው በብዙ እጥፍ ያድጋል፣ ውሉን እስከ መጨረሻው ከከፈለ ደግሞ መኪናው የሱ ይሆናል። ጭነቱን የሚሰጠው ግን ያው ድርጅት ነው። "አንተ ፕሮግራመር አይደለህ፣ በሳምንት ስንት እጄ ላይ እንደሚቀር የምታሳይ አንድ ትንሽ ነገር ሥራልኝ" አለኝ።

እስቲ አብረን እናስላው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ያመጣኋቸው ናቸው፤ የማንም ድርጅት ውል አይደሉም። አወቃቀሩን ግን ሊዝ የገባ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል።

ሾፌሩ በሳምንት 2,500 ማይል ጭኖ ነዳ እንበል። ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ጅቡቲ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ተሂዶም አይሞላም። የነዳጅ ማካካሻው ተጨምሮ በማይል 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ቢከፈለው 4,000 ዶላር ይሆናል። በቴሌግራም የሚዞረው ቁጥር ይሄኛው ነው።

አሁን እንቀንስ። ጭነት ያራገፈ መኪና የሚቀጥለውን ጭነት እዚያው አያገኝም፤ ባዶውን የሚሄደውን 300 ማይል እንጨምርበት። 2,800 ማይል፣ በጋሎን 7 ማይል ሲታሰብ 400 ጋሎን ነው። ጋሎኑ 3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ከሆነ ነዳጅ ብቻውን 1,500 ዶላር ወሰደ። ለጥገና ተብሎ በማይል 10 ሳንቲም ሲያዝ 280 ዶላር ነው። የመኪናው ሊዝ 900። ኢንሹራንስ 200። ታርጋ፣ ፈቃድ፣ የሥራ ሰዓት የሚመዘግበው መሣሪያ 70። ድምሩ 2,950 ዶላር። ከ4,000 ሲቀነስ 1,050 ቀረ።

ይሄም ቢሆን የተጣራ አይደለም። ዓመት 52 ሳምንት አለው፤ ሾፌሩ ግን ሰው ነው። ቤቱ ይመጣል፣ ያመዋል፣ መኪናው ጋራዥ ይገባል። አምስት ሳምንት ቢቆም፣ በነዚያ ሳምንታት ነዳጅ አይጠጣም እንጂ ሊዝ፣ ኢንሹራንስና ታርጋው ይቆጥራሉ፤ በሳምንት 1,170 ዶላር። የ47 ሳምንቱን ገቢ ደምረን፣ የአምስቱን ሳምንት ዕዳ ቀንሰን፣ ለ52 ስናካፍል 836 ዶላር ገደማ ይመጣል። ግብርም አለ። የሊዝ ሾፌር በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ኮንትራክተር ነውና ግብር የሚቀንስለት ቀጣሪ የለውም፤ ለማኅበራዊ ዋስትናና ለሜዲኬር ተቀጣሪና ቀጣሪ ተካፍለው የሚከፍሉትን 15.3 በመቶ ብቻውን ይከፍላል። ለመንገድ ምግብ የሚፈቀደው ተቀናሽ ብዙ ያቀልለታል። በሳምንት 100 ዶላር ብቻ ብንይዝለት 736 ዶላር ይቀራል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ያው ሰው የድርጅት ሾፌር ሆኖ በማይል 55 ሳንቲም ቢከፈለው፣ ለ2,500 ማይል 1,375 ዶላር ነው። እሱም አምስት ሳምንት ያለ ክፍያ ቢያርፍ፣ ለዓመቱ ሲካፈል ከግብር በፊት በሳምንት 1,243 ይመጣል። የሊዙ ከግብር በፊት 836 ነበር። ልዩነቱ የወደፊቷ መኪና ዋጋ ነው ሊባል ይችላል፤ እስከ መጨረሻው ለሚደርስ ሰው።

እዚህ ድረስ መደመርና መቀነስ ነው። ዋናው ነገር የሚታየው ማይሉን ስንነካው ነው። ጭነት ቀዘቀዘ እንበልና 2,500 ማይል የነበረው 1,800 ሆነ። ማይሉ የቀነሰው በ28 በመቶ ነው። ከግብር በፊት የሚቀረው ገንዘብ ግን ከ1,050 ወደ 428 ዶላር ይወርዳል፤ ወደ 60 በመቶ ማለት ነው። ምክንያቱም 1,170ው ዶላር ጭነት ኖረ አልኖረ አይነቃነቅም። በዚህ ስሌት የሳምንቱ የመጀመሪያ 1,318 ማይል ለቋሚ ወጪው ብቻ ይነዳል። በቀን 530 ማይል ለሚሸፍን ሰው ይሄ ሰኞ፣ ማክሰኞና እስከ ረቡዕ ቀትር ድረስ ነው። ለራሱ መንዳት የሚጀምረው ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነው።

ሂሳቡን ጨርሼ የቀረኝ ሥራ ቀላል መሆን ነበረበት፦ ከላይ በትልቁ አንድ ቁጥር ማሳየት። እዚህ ጋ ቆምኩ። የትኛውን? 4,000 እውነት ነው። 1,050 እውነት ነው። 736 እውነት ነው። 428ም እውነት ነው። አራቱም ከአንድ ሰንጠረዥ የወጡ ናቸው። የትኛው በትልቁ እንደሚጻፍና የትኛው በትንሹ ከታች እንደሚቀር ግን ሂሳቡ አይነግረኝም።

በኛ ሙያ ዲፎልት የምንለው ነገር አለ፤ ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ የሚያገኘው ምርጫ ማለት ነው። ብዙ ሰው ዲፎልቱን አይቀይረውም። ስለዚህ ዲፎልት የሚመርጥ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ በሌላው ሰው ውሳኔ ውስጥ እጁን አስገብቷል። መልማዩ 4,000 ያለበትን ወረቀት ሲያሳይ አልዋሸም። ትልቁን ፊደል የመረጠው ግን እሱ ነው። ማሳሳት የሚባለው ነገር እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ይመስለኛል፤ ከቁጥሩ ይልቅ ቁጥሩ በተቀመጠበት ቦታ ውስጥ።

"ታዲያ አማካዩን ስጠውና ተገላገል" የሚል ይኖራል። እኔም በተማርኩት ልማድ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። አማካይ ሐቀኛ ይመስላል፤ ጥሩውንም መጥፎውንም ይዟል። ግን በአማካይ ጉልበት ላይ የሚደርስ ወንዝ መሃሉ ላይ ሰው ያሰጥማል። ሺህ መኪና ያለው ድርጅት በአማካይ ውስጥ መኖር ይችላል። በዚህ ሳምንት መቶው ቢቆም ዘጠኝ መቶው ይሄዳል። አንድ ሾፌር ግን ሳምንቱን የሚያገኘው በተራ ነው፣ አንድ በአንድ። ሦስት ክፉ ሳምንት ተከታትለው ቢመጡበትና ሊዙን መክፈል ቢያቅተው፣ ዕዳው ከሚቀጥለው ክፍያ ይቆረጣል፤ ከዚያም ካልቻለ መኪናውን መልሶ ይወጣል። እስከዚያ የከፈለው አብሮት አይወጣም። አራተኛዋ ሳምንት ጥሩ ልትሆን ትችላለች፤ ግን የሱ አይደለችም። አማካዩን የሚያገኘው እስከ መጨረሻው መቆየት የቻለ ብቻ ነው።

ይሄ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ፍርሃት አይደለም። ዩኤስኤ ቱዴይ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምርመራ፣ ከደቡብ ካሊፎርኒያ ወደቦች ዕቃ የሚያመላልሱ የሊዝ ሾፌሮች ሳምንቱን ሙሉ ሠርተው በሳምንቱ መጨረሻ ራሳቸው ለድርጅቱ ዕዳ እንደሚቀርባቸው አሳይቷል። ነዳጅም አለ። የአሜሪካ የናፍጣ አማካይ ዋጋ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በጋሎን ከ5 ዶላር ከ50 ሳንቲም አልፎ ነበር። በኛ ምሳሌ 400 ጋሎን ላይ 2 ዶላር ሲጨመር 800 ዶላር ነው። ማካካሻው የተወሰነውን ይመልሳል፤ ባዶውን የተሄደበትን ማይል ግን ብዙ ጊዜ አይቆጥርም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። "ንግድ እንዲህ ነው። አትራፊ መሆን የሚፈልግ ሰው ኪሳራንም ይቀበላል። ሱቅ የከፈተ ሰው ኪራይ አይከፍልም እንዴ?" ልክ ነው፣ ይከፍላል። ግን ባለ ሱቁ ዋጋ ያወጣል፣ ደንበኛ ይመርጣል፣ ጎረቤት ገበያ ሄዶ ይሞክራል። የሊዝ ሾፌር ገቢ የተንጠለጠለው በማይል ላይ ነው፤ ማይሉን የሚያድለው ዲስፓቸሩ ነው፤ ዲስፓቸሩ የሚሠራው ሊዙን ለሚቀበለው ድርጅት ነው። ሕጉ ደግሞ ከላይ ይዘጋዋል፦ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት፣ በስምንት ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ከሠሩ በኋላም መንዳት አይቻልም። ሕጉ ጥሩ ነው፣ ሰው ያድናል። ግን "ክፉ ሳምንት ሲመጣ ጠንክሬ ሠርቼ አካክሳለሁ" የሚለው የኛ የታወቀ መፍትሔ እዚህ አይሠራም ማለት ነው። አደጋውን የተሸከመው አንዱ፣ አደጋውን የሚያሳድገውና የሚቀንሰው ሌላው። ነጋዴ የሚለው ስም ለዚህ ሰው በግማሹ ነው የተሰጠው።

የስሙ ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ዶሚኒክ ኦሊቬራ የተባለ ሾፌር ኒው ፕራይም የተባለውን የትራንስፖርት ድርጅት ሲከስ፣ ድርጅቱ ጉዳዩ በግልግል እንጂ በፍርድ ቤት አይታይም፣ ሰውየውም ተቀጣሪ ሳይሆን ኮንትራክተር ነው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 በሙሉ ድምፅ የወሰነው፣ በግልግል ሕጉ ውስጥ ለትራንስፖርት ሠራተኞች የተሰጠው ከለላ ኮንትራክተር ለሚባሉትም ይሠራል ብሎ ነው። የጠበበ ውሳኔ ነው፤ ግን ውል ላይ የተጻፈ ስም ብቻውን የሰውን መብት እንደማይወስን ያሳያል። በኋላም ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ ያቋቋመው የትራክ ሊዝ አጥኚ ቡድን በጃንዋሪ 2025 ባቀረበው ሪፖርት፣ እንዲህ ያለው ሊዝ በሕግ እንዲታገድ ሐሳብ አቅርቧል።

ለኛ ነገሩ አዲስ መሆን አልነበረበትም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በብዙ ቦታ እኩል አራሽ የምርቱን ግማሽ፣ ሲሶ አራሽ ሲሶውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። ግፍ የበዛበት ሥርዓት ነው፤ እጅ መንሻው፣ የነጻ ጉልበቱ፣ በማንኛውም ቀን መባረሩ አለ። "መሬት ለአራሹ" ያስባለው ያ ነው። ግን በዚያ ግፍ ውስጥ እንኳ አንድ ነገር ነበረ፦ በረዶ እህሉን ሲመታው የባለመሬቱ ግማሽም አብሮ ይመታል። ሰማዩን የሚያዩት ሁለቱም ናቸው። የ900 ዶላሩ ሊዝ ሰማይ አያይም። ጭነት ሲጠፋ፣ ሞተር ሲሰበር፣ ሰውየው ሲታመም ያው 900 ነው። የአያቶቻችንን ጭሰኝነት ኋላ ቀር ብለን ስንስቅ፣ "የራስህ አለቃ ሁን" በሚል ማስታወቂያ የመጣው ይሄኛው አንድ ደረጃ እንደሚብስ ልብ አንለውም።

ለጓደኛዬ ሰንጠረዡን ስልክለት ከላይ በትልቁ የጻፍኩት መጥፎዋን ሳምንት ነው፤ 428ን፣ ከሱ ሥር የቆመበትን ሳምንት፣ ሲቀነስ 1,170ን። የዓመቱ 736 ሦስተኛ ላይ መጣ፤ 4,000 መጨረሻ። ብዙ ሰዓት ዝም አለ። ከዚያ በድምፅ እንዲህ አለኝ፦ "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ቁጥር አይደለም የጠየቅኩህ። ድፍረት ነው የጠየቅኩህ። ስንት ዓመት የሰው ነገር ስነዳ! የኔ የሚባል ነገር አያምረኝም?"

ይሄ መልስ ከሂሳቡ ሁሉ ይከብዳል። ሰው በሳምንት ስንት እንደሚያስገባ ሲጠይቅ አንዳንዴ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ባለቤት እሆናለሁ ወይ፣ እናቴ ለጎረቤት "ልጄ መኪና ገዛ" ትላለች ወይ፣ የተማርኩት ትምህርት ባይሆንም የሆነ ነገር ያዝኩ ማለት እችላለሁ ወይ። እሱን ፍላጎት በ428 ዶላር መምታት ጭካኔ ይመስላል። "አዋቂ ነው፣ የራሱን ዕድል ይሞክር፣ አንተ ማን ነህ ክንፉን የምትሰብረው?" ለሚል ሰው ሙሉ መልስ የለኝም። የደፈሩና የተሳካላቸው አሉ።

ግን ድፍረት የሚባለው ነገር የሚጀምረው አደጋውን ካዩ በኋላ ነው። ጨለማ ውስጥ ገደል ዳር የሚሄድን ሰው ደፋር አንለውም፤ አላየም እንላለን። መጥፎዋን ሳምንት አይቶ፣ የሦስት ወር ሊዝ የሚሸፍን ገንዘብ አስቀምጦ፣ "ይሁን፣ እገባለሁ" የሚል ሰው በሙሉ ነጻነቱ ወስኗል፤ ከዚያ በኋላ የኔ ድርሻ መመረቅ ነው። 4,000 ብቻ አይቶ የፈረመ ሰው ግን ነጻ ምርጫ አደረገ ለማለት ይከብደኛል። ምርጫውን ማክበር ማለት ቁጥሩን በሙሉ መስጠት ነው፤ ከክፉው ጀምሮ። ጥሩውን ሳምንትማ ለመንገር ሰው ሞልቷል።

ስለዚህ ነው ነገሩ መልማዮችን ብቻ የማይመለከተው። ጥሩዋን ሳምንት ስክሪንሻት አድርጎ የሚለጥፍ ወንድማችን፣ የሌላውን ቁጥር ለእናቱ የሚያወራ ልጅ፣ "በ5 ሺህህ 500 ዕቁብ መግባት ያቅትሃል?" የሚል ጓደኛ፣ ሁላችንም ዲፎልት እየመረጥን ነው። ዕቁብ በየሳምንቱ ይጣላል፤ እሱም እንደ ሊዙ ሰማይ አያይም። በጥሩዋ ሳምንት ልክ የገባ ሰው በመጥፎዋ ሳምንት ከማን ይበደር? እያንዳንዱ ያየውን ነው የሚናገረው፣ ማንም አልዋሸም። ድምሩ ግን ቁጥሩን ሰምቶ ለሚፈርመው ለሌላው ሰው ወጥመድ ይሆናል።

ጓደኛዬ እስካሁን አልፈረመም፤ አልፈርምምም አላለም። ለመልማዩ ሦስት ጥያቄ ጽፎ ልኳል፦ ባለፈው ዓመት ሊዝ ከገቡት ውስጥ እስከ መጨረሻው ከፍለው መኪናውን የወሰዱት ስንት ናቸው? ለጥገና የተያዘው ገንዘብ ስወጣ ይመለስልኛል ወይ? ጭነት በጠፋ ሳምንት ሊዙ ይቀንሳል ወይ? ሁለተኛውን ውሉ ላይ መጻፍ የአሜሪካ የትራክ ሊዝ ደንብ ግዴታ ያደርገዋል። መልማዩ የመለሰለት ግን የሌላ ሾፌር የክፍያ ወረቀት ፎቶ ነው፤ 5,200 ዶላር ይላል፣ ስሙ ተሸፍኗል። ወረቀቱ እውነተኛ ይመስላል።